«ባለቤቴ ሽርሽሩንም እንደ ሎድ ሊያደርሰው ነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን አራት ዓመት ሆነን፤ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እሱ ትራክ ይነዳል፣ እኔ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ብንተያይ ነው። ዘንድሮ በስንት መከራ ኦገስት ላይ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አብረን አገኘንና በመኪና ወደ ደቡብ አፓላቺያን ተራሮች እንሂድ ብዬ ለመንኩት። «ተራራ አገሬ ሞልቶልኝ» ብሎ ከሳቀ በኋላ እሺ አለ። ያወጣው ፕላን ግን አስደነገጠኝ። በመጀመሪያው ቀን ስካይላይን ድራይቭን ጨርሰን ሮአኖክ ማደር፣ በሁለተኛው ቀን ብሉ ሪጅ ፓርክዌይን እስከ መጨረሻው፣ በሦስተኛው ስሞኪ ማውንቴንስን አይተን ሌሊቱን አትላንታ መግባት። አትላንታ ያሳደጉት አክስቱ ከአገር ቤት ልጃቸው ዘንድ መጥተዋል፤ እስከ ኅዳር ይቆያሉ። የቀረውን ሳምንት እዚያ ነን ማለት ነው። «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኔ እነዳለሁ» ይለኛል። አምና ናያግራ ስንሄድም እንዲሁ ነበር፤ ደርሰን ተመለስን እንጂ አልተጫወትንም። ብናገር አክስቱን የጠላሁ ይመስላል ብዬ ዝም አልኩ። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፤ እኔ እጾማለሁ፣ እሱ ብዙም አይጾምም። መንገድ ላይ ምን እበላለሁ? እውነቱን ለመናገር ጥቁር ሆነን እዚያ ገጠር መግባቱም ያስፈራኛል። ምን ይመክሩኛል?
መንገዱ ያስጨነቃት

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ፕላኑ እንደማያስኬድ ልንገርሽ። አንቺ ስለከበደሽ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ አይቀበለውም። ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው፤ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል። ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 469 ማይል ነው፤ ከፍተኛው 45፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም ያነሰ። ባለቤትሽ ለሁለተኛው ቀን የመደበው፣ ከሮአኖክ እስከ ፓርክዌዩ ደቡብ ጫፍ እስከ ቸሮኪ ከተማ ያለው ብቻ፣ 350 ማይል ገደማ ይሆናል። አንዴም ሳይቆም ቢነዳው ስምንት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ኩርባው፣ ብስክሌተኛው፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዝናብና ጉሙ ሲጨመርበት ከአሥር ሰዓት ያልፋል። በሥራው ሕግ አሥር ሰዓት ካላረፈ በቀር መሪ እንዳይጨብጥ፣ ከ11 ሰዓት በላይም እንዳይነዳ የተከለከለ ሰው፣ ለእረፍቱ ያንኑ ያህል መንዳት ደግሷል ማለት ነው።

ይህን የሚያደርገው ግን ለአንቺ ግድ ሳይኖረው ቀርቶ አይመስለኝም። ብዙዎቹ የትራክ ሾፌሮች የሚከፈላቸው በማይል ነው፤ መኪናው ከቆመ ገንዘቡም ይቆማል። ዓመቱን ሙሉ ሥራ የሚያከፋፍለው ዲስፓቸር እየደወለ «የት ደረስክ?» የሚለው ሰው፣ ማንም ሳይደውልለት ራሱን «የት ደረስኩ?» ማለት ይለምድበታል። «አርፈሽ ተቀመጪ» ሲልሽም ሌሊቱን ቆማ ለምትሠራ ሚስቱ የሚችለውን ትልቁን ነገር ሊሰጥሽ ነው። ይህን ተረድተሽለት ካልጀመርሽ ንግግራችሁ ከመጀመሪያው ቃል ጠብ ይሆናል።

ዝም ማለትሽን ግን ጨርሶ አልደግፍም። አምና ዝም ብለሽ የሆነውን ራስሽ ነግረሽኛል። አሁን ካልተናገርሽ በሁለተኛው ቀን ምሽት ሞቴል ደጃፍ ላይ በደከመ አፍ ትናገሪያለሽ፤ እሱም የሚሰማው ምስጋና ቢስነት ብቻ ይሆናል። ከመንገድ በተመለሰበት ዕለት አትንገሪው። ተኝቶ ይነሣ፣ ቡና አፍዪ፣ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርጊው። ከዚያ በቀጥታ «ከአንተ ጋር መሆን ነው የፈለግኩት፤ በዚህ ፕላን ግን ጎንህ ተቀምጬ አላገኝህም» በዪው። የናያግራውን አንሺ፤ ሲያልቅ ምን እንደተሰማሽ ተናገሪ እንጂ «አንተ ሁልጊዜ» ብለሽ አትጀምሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ፤ እሱን ይስበዋል ብዬ አምናለሁ። በኢንተርስቴት 81 ሎድ ጭኖ ወደ ቴነሲ ሲወርድ በግራው በኩል ቀኑን ሙሉ የሚከተለው ሰማያዊ ሸንተረር አለ። እሱ ብሉ ሪጅ ነው። ፓርክዌዩ ያንን ሸንተረር ይዞ ነው የሚሄደው፤ ትራክ ደግሞ እዚያ አይገባም፣ የንግድ ተሽከርካሪ ክልክል ነው። ባለቤትሽ ከሥሩ ሲያልፍ የኖረበትን ተራራ በሥራ ሰዓት ሊያየው አይችልም። ቢልቦርድ የለም፣ የትራፊክ መብራት የለም፣ ነዳጅ ማደያ እንኳ የለም። በ1935 የተጀመረው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ላጡ ሰዎች ሥራ ለመፍጠር ነበር፤ የመጨረሻው ቁራጭ፣ በግራንድፋዘር ማውንቴን ወገብ ላይ የተዘረጋው የሊን ኮቭ ድልድይ፣ የተከፈተው በ1987 ነው። ተራራው እንዳይቆረጥ ብለው መንገዱን ከገደሉ ጎን አየር ላይ ነው ያንጠለጠሉት። መንገድ ኑሮው የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ሳይቆም የሚያልፍ አይመስለኝም።

«ተራራ አገሬ ሞልቶልኝ» ማለቱ በቁመት ከሆነ ልክ ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ካለው ተራራ ሁሉ ረጅሙ ማውንት ሚቸል 2,037 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ከፍ ትላለች። እዚያ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ዕድሜው የትየለሌ ነው፤ ሾሉ ሁሉ ተበልቶ አልቆ ክብ ክብ ብሏል፣ እስከ አናቱም ጫካ ነው። በስሞኪ ፓርክ ብቻ ከ100 በላይ የአገር በቀል ዛፍ ዓይነት አለ። ያ ሰማያዊ ጭጋግም ዛፎቹ በሙቀት ጊዜ ከቅጠላቸው ከሚለቁት ተን የሚመጣ ነው። ለዚህ ነው በጋ ላይ ይበልጥ ሰማያዊ የሚሆነው።

እንግዲህ መንገዱን እንቁረጠው። ስካይላይን ድራይቭን ከፕላኑ አውጡት። መግቢያው ፍሮንት ሮያል ከቤታችሁ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፤ በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ አንድ ቅዳሜ ትሄዱበታላችሁ። በመጀመሪያው ቀን በ81 ቀጥ ብላችሁ ሮአኖክ ውረዱና እዚያ ፓርክዌዩን ያዙ። በመንገዱ ዳር ትንንሽ የማይል ምልክቶች አሉ፤ ከሰሜን 0 ብለው ጀምረው ደቡብ ጫፍ 469 ይደርሳሉ። 176 ላይ ማብሪ ሚል የሚባል የድሮ የውሃ ወፍጮ አለ፤ ፎቶ ለመነሣት ከሆነ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። 213 ላይ ያለው የብሉ ሪጅ ሙዚቃ ማዕከል ግን ሰዓት ይገባዋል። በበጋ የአካባቢው ሰዎች እኩለ ቀን ላይ ቁጭ ብለው በነጻ ይጫወታሉ። የሚሰሙት ባንጆ ዘሩ ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው ያመጡት። ያን ቀን ቡን ወይም ብሎዊንግ ሮክ ከተማ እደሩ፤ አንድ ሌሊት ሳይሆን ሁለት። ቀጥሎ ወደ አሽቪል ሁለት፣ ቸሮኪ ሁለት። በሰባተኛው ቀን 81ን ይዛችሁ ቤት። ያኔ እንደልቡ ይንዳው፤ ያ መንገድ የሱ ነው።

በየከተማው ሁለት ሁለት ሌሊት ማለቴ በዋዛ አይደለም። በየቀኑ ሻንጣ እየዘጋ የሚነሣ ሰው አልሄደም፣ ተጎተተ። ሁለት ሌሊት ካደራችሁ በመካከሉ መኪናው የማይነሣበት ጠዋት ይኖራል። እናንተ በዓመት ስንት ጊዜ ነው ጠዋት አብራችሁ የምትነቁት?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልብ በሉ። በሴፕቴምበር 27፣ 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የሰሜን ካሮላይናን ተራሮች ክፉኛ መታ። ፓርክዌዩ በብዙ ቦታ ተደርምሷል፣ ዛፍ ወድቆበታል፤ ጥገናውም ክፍል በክፍል ነው የሚሄደው። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት፣ ከዚያም በየጠዋቱ፣ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚያወጣውን የተከፈተና የተዘጋ መንገድ ዝርዝር ተመልከቱ። ጂፒኤስን ብቻ አትመኑ። የተዘጋ ቁራጭ ቢኖር በጎን መንገድ ዞራችሁ መመለስ ይቻላል፤ ፕላናችሁ የላላ ከሆነ አያናድድም።

ቸሮኪ ሁለት ሌሊት ያልኩት በምክንያት ነው። በ1838 የአሜሪካ መንግሥት የቸሮኪን ሕዝብ ከዚህ ተራራ ነቅሎ በእግር ወደ ምዕራብ ሲነዳው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመንገድ አለቁ። ከተራራው ያልወጡትና ተመልሰው የገቡት ልጆች ዛሬም እዚያው አሉ። ከተማው ውስጥ የመንገድ ስሞቹ በራሳቸው ፊደል ተጽፈው ታያላችሁ። ሴኮያ የተባለ ሰው በ1821 ገደማ የጨረሰው ፊደል ነው፤ እንደኛው አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ይይዛል። በባዕድ አገር የራሱን ፊደል የቡና ቤት ታፔላ ላይ ሲያይ ልቡ የሚሞቅ ሰው እዚያ ቆም ብሎ ማየቱ አይቀርም። የቸሮኪ ሕዝብ ሙዚየምን አትለፉት። ከከተማው ወጥታችሁ ወደ ተራራው ስትሄዱ ክሊንግማንስ ዶም ይባል የነበረው የፓርኩ ከፍተኛ ቦታ በ2024 የጥንት ስሙ ተመልሶለት ኩዎሂ ተብሏል። ከመኪና ማቆሚያው ግማሽ ማይል የሚያህል ዳገት በእግር አለ። ሹራብ ያዙ፤ ታች እየሞቀ እዚያ ይበርዳል።

የስሞኪ ፓርክ መግቢያ ክፍያ የለውም፤ ከ15 ደቂቃ በላይ መኪና ለማቆም ግን ቲኬት ያስፈልጋል፣ ለቀን 5 ዶላር፣ ለሳምንት 15። በ2024 ከ12 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት የተመዘገበበት ፓርክ ስለሆነ ማልዳችሁ ውጡ። ኬድስ ኮቭ የሚባለውን ሁሉም ይመክራችኋል፤ እኔ አልመክርም። 11 ማይሉ መንገድ በኦገስት አንድ ድብ በታየ ቁጥር ይቆማል፣ ባለቤትሽም ያንን ሰልፍ በየሳምንቱ ሥራው ላይ ያየዋል። ረቡዕ መኪና ስለማይገባ በእግር ወይም በብስክሌት ከሆነ ይሁን።

መሪውን በተመለከተ፣ አንቺም ንጂ። ፈቃድ ካለሽ ቀጥ ያለውን የጠዋት መንገድ አንቺ ያዢው፤ እሱ ጎንሽ ተቀምጦ በመስኮት ይይ። ተሳፋሪ ሆኖ የማያውቅ ሰው ነውና መጀመሪያ ላይ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፤ ታገሺው። ኩርባ ሆድሽን የሚያገላብጠው ከሆነም መንዳት ይረዳሻል፤ ሾፌር ብዙም አይታመምም። ከስሞኪው ተራራ መሻገሪያ ከኒውፋውንድ ጋፕ ወደ ጋትሊንበርግ ከተማ የሚወርደውን ቁልቁለት ግን ለሱ ተዪለት። ማርሹን ዝቅ አድርጎ ፍሬን ሳያግል መውረድን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ሲወርድ ይንገርሽ፣ ተማሪበት። ነዳጅ በግማሽ ሙሉ። ኔትዎርክ ስለሚጠፋ ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙ።

ወደ ጾሙ እንምጣ። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 22 ስለሆነ ከሆቴል ይልቅ ማድ ቤት ያለው ካቢን ተከራዩ። ምጣድ አያስፈልግሽም፤ እንጀራሽን በበረዶ ሳጥን፣ ሽሮና በርበሬሽን በትንሽ ዕቃ፣ ድርቆሽ ለኋለኞቹ ቀናት። በሶና ቆሎ መኪና ውስጥ። ምግብ ቤት ስትገቡ ተጠንቀቂ። የደቡብ ሰው አትክልት ይወዳል፣ ግን የሚቀቅለው ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው። «ግሪን ቢንስ» ብለሽ ያዘዝሽውን ሳህን በማንኪያ ገለጥ ስታደርጊው ከሥር ቀይ የሥጋ ቁራጭ ታገኛለሽ። ኮላርድ ጎመኑም እንዲሁ ነው፤ ቢስኩቱ ውስጥ ቅቤና አሬራ አለ። ሥጋ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ በትሕትና ይነግሩሻል።

መንገድ ዳር ግን ጾምሽ ይጠግባል። በኦገስት የቲማቲም፣ የበቆሎና የኮክ ድንኳኖች አሉ። «የተቀቀለ ኦቾሎኒ» የሚል የእጅ ጽሑፍ ካየሽ አስቁሚው። ከነልጣጩ በጨው ውሃ ቀኑን ሙሉ ሲፈላ የዋለ ነው፤ ጭልፋ ሙሉ በከረጢት ይሰጡሻል፣ ስትፈለቅቂው የጨው ውሃው እስከ ክንድሽ ይወርዳል፣ ውስጡ እንደ ባቄላ ለስላሳ ነው። እሱም ከአንቺ ከረጢት መውሰዱ አይቀርም። አይጾምም ብለሽ እንደተቀየምሽው ይሰማኛል፤ ለሳምንቱ በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፦ ካቢን ውስጥ የምትሠሩት የጾም ይሁንና አብራችሁ ብሉ፣ ውጭ የሚያዘው የራሱ ጉዳይ ነው። ከበላችሁ በኋላ ምንም ምግብ ደጅ አታሳድሩ፤ የበረዶ ሳጥኑንም ጭምር። ጥቁር ድብ ሽታ ተከትሎ ይመጣል፣ ያልተቆለፈ የመኪና በርም መክፈት ያውቃል። መንገድ ላይ ካያችሁት ቢያንስ 50 ያርድ ራቁ፤ ለፎቶ ብሎ ከመኪና የሚወርድ ሰው ሞኝ ነው።

ስለ ፍርሃትሽ «ምንም የለም» ብዬ አላሳንሰውም፤ ሥር አለው። ፕላናችሁ ላይ የነበረው ስካይላይን ድራይቭ በሚያልፍበት በሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ሉዊስ ማውንቴን የሚባለው ማረፊያ በ1939 ለጥቁሮች ተብሎ ተለይቶ የተከፈተ ነበር፤ ሌሎቹ ማረፊያዎች ለነጭ ነበሩ። ልዩነቱ ፈጽሞ የቀረው በ1950 ነው። ዛሬም በገጠሩ መንገድ የኮንፌደሬት ባንዲራ፣ ማለትም ባርነትን ለማቆየት የተዋጉትን የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ፣ የሰቀለ ቤት ልታዪ ትችያለሽ፤ ድንገት እንዳያስደነግጥሽ አስቀድሜ ነገርኩሽ። ያልኳችሁ ከተሞች ግን እንግዳ የለመዱ ናቸው፤ ቡን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው፣ አሽቪልና ቸሮኪ በጎብኚ የሚኖሩ ናቸው። ባለቤትሽም በሥራው ከዚህ የባሰ ጭር ያለ ማደያ ገብቶ የወጣ ሰው ነው፤ ፍርሃትሽን ንገሪው፣ የሚያውቀውን ይነግርሻል። ከመጨለሙ በፊት ማረፊያችሁ ግቡ፣ በጠባቡ የጎን መንገድ በሌሊት አትሂዱ፣ ችግር ቢገጥማችሁ ያለፋችሁትን የማይል ምልክት ቁጥር ለረዳት መንገር እንድትችሉ እያያችሁ ሂዱ። የተራራ ሰው ደግሞ ሰላምታ ይወዳል። ቀድመሽ «ደህና ዋላችሁ» ስትይው ፊቱ ይፈታል፤ ይህ አገር ቤት የምታውቂው ነገር ነው።

የቀረው አክስቱ ናቸው፤ ከባዱ እሱ ነው፣ ለዚያ ነው ወደ ኋላ ያቆየሁት። ያሳደጉትን እናት አትላንታ ተቀምጠው እያለ በአጠገባቸው ተራራ ሲዞር መክረሙ ለሱ ነውር ነው፤ ልክም ነው። ግን ሦስት ቀን ሲነዳ ቆይቶ በሌሊት የሚገባ፣ በማግስቱ ሶፋ ላይ እንቅልፍ የሚጥለው ልጅ ለሳቸውም አይበቃቸውም። አንቺም እዚያ ቤት ስትገቢ ማድ ቤት ነሽ፤ ልቀመጥ ብትዪ ይሉኝታው አያስቀምጥሽም። ሁለቱ ጉዞዎች ይለዩ። እስከ ኅዳር ካሉ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለመስቀል ሰሞን ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ሰዓት በማይሞላ በረራ አትላንታ ናችሁ፤ ጾሙም ወጥቶ ዶሮውን አብራችሁ ትሠሩታላችሁ። ይህን ሐሳብ ለባለቤትሽ ስታቀርቢ «አክስትህ ዘንድ አንሂድ» በሚል አትጀምሪ፤ «እትዬን በደንብ እንያቸው፣ ቀኑን አሁን እንቁረጥ» በዪ፤ ያንንም ከልብሽ ካላልሽው ያውቅብሻል።

ስልኩን እሱ ይደውል፤ ልጃቸው እሱ ነው። አንቺም ተቀበዪና «እትዬ፣ በፍልሰታ በችኮላ ከምናይዎ ለዓመት በዓል መጥተን አብረን እንዋል ብለን ነው» በያቸው። መቀየማቸው አይቀርም ብለሽ ከፈራሽ፣ የሚያስቀይማቸው «አንድ ቀን እንመጣለን» የሚለው ነው። ስለዚህ የአውሮፕላኑን ትኬት ከስልኩ በፊት ግዙ፤ «መቼ?» ሲሏችሁ ቀኑን ንገሯቸው።